ካምቢዮ የሚዋዋሱ ፒክአፖች

ኦሃዮ ውስጥ መኪና የሚገድለው ጨው ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር የማዘጋጃ ቤቱ ካሚዮኖች በየመንገዱ ጨው ይበትናሉ፤ በረዶው ይቀልጥና ጨዋማው ውኃ ከጎማ ሥር እየተረጨ ሻንሲው ላይ ይጋገራል። አሥራ አምስት ዊንተር ያሳለፈ ፒክአፕ ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል፤ በክሪክ አንስተው ሥሩን በካቻቢቴ ሲወጉት ግን ብረቱ ይፈረፈራል። ሞተሩ ደህና ነው። ካምቢዮውም ደህና ነው፤ ዕድሜ ልኩን ዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ማርሽ ጨው አይደርስበትም። ኮለምበስ ዙሪያ ያሉት ጃንክ ያርዶች የተሞሉት በዚህ ዓይነት መኪና ነው፤ ሻንሲው ተበልቶ ያለቀ፣ ካምቢዮው ግን ገና ብዙ የሚሄድ።

አዲስ አበባ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጨው የለም፤ አርባ ዓመት የሞላው ፒክአፕ ላሜራው ሳይላቀቅ ይሄዳል። ቶሎ የሚያልቀው ፍሪሲዮኑ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያው ያጣል። ሹፌሩ ግን ለዚህ ብሎ ከጭነቱ አንድ ኩንታል አይቀንስም። የሽሮ ሜዳን ዳገት የሚወጣው፣ ዳገት ላይ ቆሞም የሚነሣው፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ ሞተሩን እያስጮኸ ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ያላሸተተ የአዲስ አበባ እግረኛ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ሙያውን የተማርኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ ጠባብ ጋራዥ ነው፤ አሁን የምሠራው ኮለምበስ፣ ከክሊቭላንድ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ሁለት መኪና ብቻ በሚያስገባ ቤት ውስጥ ነው። በሁለቱም አገር የሥራዬ ትልቁ ክፍል የአንዱን አሮጌ ፒክአፕ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ለሌላው ማልበስ ሆኖ ኖሯል። ይህን ሥራ የድኻ መላ፣ አንዳንዴም የማጭበርበር ዘዴ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። እኔ እንደማየው ግን አንድ ዕቃ ሌላ መኪና ላይ ልክ የሚገባው ፋብሪካው ራሱ ቆጣቢ ስለነበረ ነው። አዲስ ሞዴል ባወጣ ቁጥር አዲስ ቅርጽ ማውጣት ውድ ስለሆነበት የትናንቱን ደግሞ ተጠቅሞበታል። የመካኒኩ ሙያ ፋብሪካው የት ላይ እንደቆጠበ፣ የት ላይ ደግሞ ሐሳቡን እንደለወጠ ማወቅ ነው። ይህ እውቀት በአሜሪካ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ በእኛ አገር በሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀረ።

ነገሩ ለማይገባው አንባቢ ላስረዳ። ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት ይሽከረከራል። ቮላኖው ላይ የሚጣበቀው በሁለቱም ፊቱ ሸራ የተመታበት ዲስክ ነው፤ ከዲስኩ ኋላ ደግሞ በምንጭ ብረት ኃይል ዲስኩን የሚጫን ክዳን አለ። ፍሪሲዮን ስትረግጥ ክዳኑ ይላቀቃል፣ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ። የዲስኩ መካከለኛ ቀዳዳ ጥርስ አለው፤ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግም ጥርስ አለው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። ይህን ሁሉ ሸፍኖ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ካምፓናው ነው። እንግዲህ የአንዱ ለሌላው ይሆን እንደሆነ ለማወቅ የካምፓናው የቡሎን ቀዳዳዎች መግጠማቸውን፣ የዘንጉን ጥርስ ብዛትና ውፍረት፣ የዘንጉ ጫፍ ቮላኖው መካከል ካለችው ትንሽ ኩሽኔታ መድረሱን ታያለህ። የቀረው ቶርኖ ቤት ይፈታል።

የፋብሪካ ቁጠባ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሼቭሮሌት የተሻለ የለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1955 ትንሹን ቪ8 ሞተር ሲያወጣ ለካምፓናው የመረጠውን የቡሎን አቀማመጥ ለአሥርት ዓመታት አልነካውም። በ1960ዎቹ የመጡት ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮችም፣ ኋላ ኤስ-10 በተባለው ትንሽ ፒክአፕ ላይ የተገጠመው 4.3 ሊትር ቪ6ም እዚያው ቀዳዳ ላይ ይታሰራሉ። ኤስኤም465 የተባለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ከ1968 እስከ 1991 ድረስ በጭነት ፒክአፖቹ ላይ ሲገጠም ኖረ፤ አንደኛ ማርሹ 6.55 ለ1 ስለሆነ መኪናው በሰው እርምጃ እየሄደ ከባድ ተጎታች ይጎትታል። የሚያስቸግረው ካምፓናው አይደለም፤ ቮላኖው ነው። 153 ጥርስ ያለው አለ፣ 168 ጥርስ ያለው አለ፣ ሞተሪኖውም በዚያው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ዘይት መከላከያ ከሁለት ቁራጭ ወደ አንድ ወጥ ሲለወጥ ቮላኖው የሚታሰርባቸው ቡሎኖች ወደ ውስጥ ተጠጉ። ከውጭ ሁሉም ይገጥማል፣ ከውስጥ ቮላኖው እምቢ ይላል።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ በፎርድና በሼቭሮሌት መካከል አለ። የድሮዎቹ የፎርድ ጭነት ፒክአፖች ካምቢዮ ዘንግ በብዛት ባለ አሥር ጥርስ ነው፤ የሼቭሮሌቱም አሥር ነው። ቆጥሮ የገዛ ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል። ነገር ግን የፎርዱ ዘንግ ውፍረት 1 1/16 ኢንች፣ የሼቭሮሌቱ 1 1/8 ኢንች ነው። ልዩነቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ዓይን አይለየውም። የሼቭሮሌት ዲስክ የፎርድ ዘንግ ላይ ገብቶ ይወላገዳል፤ የፎርዱ ደግሞ የሼቭሮሌቱ ላይ ጭራሽ አይገባም። የመጀመሪያው ነው የሚያስፈራኝ፤ የማይገባ ዕቃ ማንንም አይጎዳም።

የአሜሪካ መካኒክ ይህን ሁሉ በቃሉ እንዲይዝ አይጠበቅበትም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞዴል ቲ ላይ የጭነት ሳጥን በፋብሪካ ገጥሞ በ281 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ገበሬው ሁሉ ፒክአፕ ለመደ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የኢኮኖሚው ውድቀት መጣ። አዲስ መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ አሮጌውን ማቆየት ግዴታ ሆነ፤ የጃንክ ያርድ ባለቤቶች ከፊታቸው ከተከመረው ብረት ውስጥ የቱ ለየቱ እንደሚሆን የሚነግራቸው ነገር ፈለጉ። ሆላንደር የተባለው የመለዋወጫ መመሪያ የተጀመረው በዚያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጣል፤ ሁለት መኪኖች አንድ ዓይነት ካምቢዮ ካላቸው ስማቸው ቢለያይም ቁጥሩ አንድ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል፤ ጃንክ ያርድ ባንኮኒ ላይ የቆመው ልጅ ስክሪኑን አይቶ የሚያነብልህ ያንኑ ቁጥር ነው።

ኦሃዮ ራሷ የዕቃ አገር ናት። ኮለምበስ አንድ ዘመን የሠረገላ ከተማ ነበረች፤ ኮለምበስ ባጊ የተባለው ኩባንያ ኋላ አውቶሞቢልም ሠርቷል፣ የጎማው ነጋዴ ሃርቪ ፋየርስቶን በወጣትነቱ የዚህ ኩባንያ ሻጭ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1913 ከሰረ፤ አሁን የከተማው ሰው እንኳ አያስታውሰውም። ዕቃ ሠሪዎቹ ግን ቀሩ። የካርዳን መገጣጠሚያና የዲፈረንሻል ሠሪው ዴና ቶሊዶ አጠገብ ነው፤ የኩሽኔታው ቲምከን ካንተን አጠገብ ነው፤ ለብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች ፍሪሲዮን ያቀረበው ሉክ ዉስተር ነው። ዉስተር ከእኔ ጋራዥ ተነሥተህ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ተክለ ሃይማኖት ሆኜ ካርቶኑ ላይ የማነበው የከተማ ስም ሁሉ አሁን አውራ ጎዳና ላይ መውጫ ምልክት ሆኖ ያልፈኛል። አልክድም፣ ያስገርመኛል።

በእኛ አገር ያለው ታሪክ አጠር ይላል፣ ግን ይከብዳል። መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ሲሆን ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነገር ሆኖ ቆየ። ጋራዥን እንደ ሙያ የተከለው የጣሊያን ወረራ ነው። ጣሊያኖች መንገድ ሠሩ፣ ካሚዮን በብዛት አስገቡ፤ በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፉ ከመካኒኮቻቸው ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። የእኛ የመጀመሪያዎቹ መካኒኮች ከእነሱ ሥር ቁልፍ እያቀበሉ ያደጉ ልጆች ናቸው። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ የተማረ ባለሙያ ማውጣት ቢጀምርም፣ የጋራዡ ቋንቋም ሥርዓትም የጣሊያን ሆኖ ቀረ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ ያልኩት ከዚያ የመጣ ቃል ነው፤ ኮለምበስ መጥቼም አልተውኩትም።

መርካቶም እንዲሁ ነው። ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ገበያው አድጎ እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱን ተራ ያዘ። ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። የመኪና ዕቃ የያዘው ሶማሌ ተራ ነው። ኮለምበስ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ ደንበኞቼ የዕቃውን ነገር የት እንደ ተማርኩ ሲጠይቁኝ ሶማሌ ተራ እላለሁ፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሞቃዲሾ የኖርኩ መስሎት ዘመድ ይጠይቀኛል።

ፒክአፕን በአዲስ አበባ ሕይወት ውስጥ ያስገባው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ገበሬውም አይደለም፤ ውይይት ታክሲው ነው። በደርግ ዘመን የፒክአፕ ጭነት ሳጥን ላይ ጣሪያ ተሠርቶለት፣ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ተገጥሞለት፣ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ይሳፈር ነበር። ቀን ሙሉ ከመርካቶ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ። በየመቶ ሜትሩ ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ እንደገና ይነሣል። ለሻንጣና ለማዳበሪያ የተሠራ ፍሪሲዮን ከዚህ የከፋ ሥራ ሊሰጠው አይችልም። አንድ ሸራ ፋብሪካው ያሰበለትን ዕድሜ ሩብ እንኳ ሳይደርስ ያልቅ ነበር፤ ያለቀውን የሚተካ አዲስ ዕቃ ደግሞ የለም። የውጭ ምንዛሪ የሚሄደው ለጦርነት ነው፤ የግል ሰው መለዋወጫ ላስመጣ ቢል ወረፋው አያልቅም።

ሶማሌ ተራ የዕውቀት ቤት የሆነው ያን ጊዜ ነው። የተገለበጠ፣ የተቃጠለ፣ ባለቤቱ የተሰደደ መኪና ሁሉ ይበታተንና ዕቃው በየሱቁ ይሰቀላል። እዚያ ሄደህ የመኪናህን ዓመተ ምሕረት ብትናገር የሚሰማህ የለም። አሜሪካ መጀመሪያ የምትጠየቀው ዓመት፣ ፋብሪካ፣ ሞዴል ነው። ሶማሌ ተራ የሚሉህ ሌላ ነው፤ «አሮጌውን አምጣ።» የሞተሩን ዓይነት ይጠይቁሃል፣ ኤል ነው ቱኤል ነው (የቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች ስም ነው)፣ ከዚያ አሮጌውን ዲስክ ከጋዜጣ ውስጥ ፈትተህ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለህ። ነጋዴው ከግድግዳ አንዱን አውርዶ ላዩ ላይ ይደርበዋል፤ ዳር ለዳር ያያል፣ ጣቱን መካከለኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ ጥርሱን ይዳስሳል። ማንበብ የማይችል ነጋዴ በጣቱ ብቻ ሃያ ጥርስና ሃያ አንድ ጥርስ ሲለይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሆላንደር እነዚህን ሰዎች ቢያገኛቸው ደመወዝ ይከፍላቸው ነበር።

ልክ የሚሆን ካልተገኘ ወደ ሁለተኛው መላ ይኬዳል፤ የአሮጌውን ዲስክ ሸራ አስነሥቶ አዲስ ማስመታት። ሪቬቶቹ በድሪል ይወጣሉ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ሸራ ተቆርጦ ይለጠፋል፣ በአዲስ ሪቬት ይመታል። የሪቬቱ ራስ ከሸራው ወለል በታች ጠልቆ መቀመጥ አለበት፤ ካለበለዚያ ቮላኖውን ያርሰዋል። ያን ዘመን ሸራው አስቤስቶስ ነበረበት። አቧራውን በአፋችን እፍ እያልን፣ ቀጥለን በዚያው እጅ እንጀራ እየቆረስን ነው የሠራነው። አሜሪካኖቹም ለረጅም ጊዜ በአየር ግፊት ሲያቦኑት ኖረዋል፤ በዚህ ረገድ ማንም ከማንም አይሻልም።

ሦስተኛው መላ ቶርኖ ቤት ነው፤ እኔ የምወደው ይህን ነው። ዘንጉ ለቮላኖው ኩሽኔታ ቀጥኖ ከተገኘ ነሐስ ቦኮላ ይቀረጽለታል፤ የተጠበሰ ቮላኖ ፊቱ ይላጋል። ያሳደገኝን ዋና መካኒክ ጋሼ እንለው ነበር፤ ካምቢዮ ሲሰቀል ቡሎን ጠምዝዞ ካምፓናውን ወደ ሞተሩ መሳብን በዱላ ይከለክል ነበር። በእጅ ተገፍቶ ካልተጠጋ ውስጥ የማይሆን ነገር አለ ማለት ነው፤ በቡሎን ብትስበው ወይ ዲስኩን ታጣምማለህ ወይ ካምፓናውን ትሰነጥቃለህ። አሁን ኮለምበስ ከጋሼ ጋር ተመሳሳይ ነገር የሚል የፋብሪካ መጽሐፍ አለኝ፤ ጋሼ አጠር አድርጎ ይናገር ነበር።

ላንድሮቨሮቹን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ላንድሮቨር ነበረው፤ ከኋላው ክፍት የሆነው ፒክአፕም ብዙ ነበር። የዚህ መኪና ካምቢዮ በሥር አይወርድም፤ ወንበሩ፣ የወንበሩ ሳጥንና ወለሉ ተነሥቶ በካቢናው በኩል ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ለአራቱም የፊት ማርሾች ሲንክሮ ያለው ካምቢዮና 9.5 ኢንች ፍሪሲዮን ይዞ መጣ፤ ከእሱ በፊት የነበሩት በብዛት 9 ኢንች ናቸው። ስለዚህ የአዲሱን ካምቢዮ ለአሮጌው ማልበስ የሹፌሮች ሁሉ ምኞት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን እየረገጡ ማርሽ መቀነስ ማን ይወዳል? ግማሽ ቀን ቡሎን ስትፈታ ትውልና የወለሉ ቡሎኖች ዝገው አንድ ላይ ተጣብቀው ታገኛቸዋለህ። ከዚያ ወዲህ ላንድሮቨር በፎቶ ብቻ ነው የማፈቅረው።

ቶዮታ ሁሉንም አሸነፈ። ሂልክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ተወለደ፤ እኛ ዘንድ ስሙን ይዞ ቀረ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ስሙ ተነሥቶ ዝም ብሎ ፒክአፕ ተባለ። አሜሪካኖች በዶሮ ንግድ ከአውሮፓ ጋር ተጣልተው እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ትንሽ የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ስለጣሉ፣ ቶዮታ መኪናውን ያለ ጭነት ሳጥን አስገብቶ ሳጥኑን ካሊፎርኒያ ውስጥ ይገጥምለት ነበር። ሕጉ ኋላ ቀዳዳውን ዘጋ። ሳጥኑ የትም ይገጠም፣ ከወለሉ በታች ያለው ብረት አንድ ነው፤ አሜሪካም ኢትዮጵያም በቀኝ በኩል ስለሚነዱ የፔዳሉም የማርሹም አቀማመጥ አይለያይም። እኛ ወደ ቀኝ የተሻገርነው በ1956 ዓ.ም. ነው።

የቶዮታ ብልኃት ካምፓናውን ከካምቢዮው ሳጥን ነጥሎ በቡሎን ማሰሩ ነው። 22አር የተባለው 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1995 አሜሪካ ውስጥ ተሸጧል፤ ከእሱ በፊት የነበረው 20አር ካምፓናው ያው ነው። የብዙዎቹ ዲስክ 225 ሚሊ ሜትር፣ 21 ጥርስ ነው። ስለዚህ ባለ አራት ማርሹን አውጥተህ ደብልዩ56 የተባለውን ባለ አምስት ማርሽ ማስገባት ይቻላል፤ አንደኛው 3.954፣ አምስተኛው 0.85 ስለሆነ ዳገቱንም አውራ ጎዳናውንም ይችላል። ባለ አራት ጎማ ነጂው ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ በድሮው የትራንስፈሩ ዱላ ከራሱ ከትራንስፈሩ አናት ይወጣል፣ በኋለኛው ደግሞ ወደ ፊት ተጠግቶ ይመጣል። ካምቢዮው ገብቶ ዱላው ከወለሉ ቀዳዳ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ዱላውን ለማሳለፍ ወለል በላሜራ መቁረጫ የቀደደ ሰው ብዙ አለ፤ አየሁት እንጂ አልመክረውም።

ፎርድ በተቃራኒው ነው ያሰበው። ሬንጀር የተባለው ትንሽ ፒክአፕ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገባው በማዝዳ የተነደፈው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ካምፓናው ከሳጥኑ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተቀረጸ ነው። ቀላልና ጠንካራ ያደርገዋል፤ የ2.3 ሊትሩ ካምቢዮ ግን 4.0 ሊትሩ ቪ6 ጀርባ አይታሰርም፣ ልጠፍ ብትል የምታላቅቀው ካምፓና የለም። የፍሪሲዮኑ የታችኛው ፓምፕም ካምፓናው ውስጥ፣ ዘንጉ ላይ ተሰክቶ ነው የሚኖረው። ሂልክስ ላይ ያው ፓምፕ ውጭ ነው፤ ሁለት ቡሎን ፈትተህ ትለውጠዋለህ። ሬንጀር ላይ አሥር ዶላር የማታወጣ ጎማ ስትቀደድ ካምቢዮ ማውረድ ነው። ሠሪው ለምን እንደመረጠው ይገባኛል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ መገጣጠሚያ መሥመር ላይ ይፈጥናል። ከሥር የሚተኛው ሰው አልታሰበም።

ሬንጀርን ያተረፈው ዘመዶቹ መብዛታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2009 የተሸጠው የማዝዳ ቢ ፒክአፕ በፎርድ የተሠራ ሬንጀር ነው፤ ኤክስፕሎረር የተባለው የቤተሰብ መኪናም መጀመሪያ የተነሣው ከሬንጀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጋ የአሜሪካ መንግሥት ነዳጅ የሚበሉ አሮጌ መኪኖችን በአዲስ ለሚለውጥ ሰው ገንዘብ ሲሰጥ 677,000 ያህል መኪኖች ተረከበ፤ ከሁሉም በላይ የተሰጠው ፎርድ ኤክስፕሎረር ነበር። ሕጉ ሞተሩ ውስጥ ሶዲየም ሲሊኬት የተባለ ፈሳሽ ጨምረው እስኪደርቅ እንዲያሽከረክሩት ያዝ ነበር፤ ሞተሩ ለዘለዓለም ይሞታል። ካምቢዮውን ነጥሎ መሸጥ ግን ተፈቅዶ ነበር። ከኤክስፕሎረሮቹ አብዛኞቹ አውቶማቲክ ቢሆኑም በእጅ የሚለወጠው ካምቢዮ ያለባቸው አልጠፉም። ያን ሰሞን የመንግሥት ቁጠባ የመካኒክ ሲሳይ ሆነ፤ እኔ ግን ደህና ሞተር እያጓራ ሲደርቅ ማየት አልወድም፣ አንድ ጊዜ አይቼ በቃኝ።

አሁን አገር ቤት የሚፈለገው ዕቃ ከዚህ በመንገደኛ ሻንጣ ይሄዳል። ካምቢዮ አይሄድም፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። ዲስክ፣ ክዳንና ኩሽኔታ ግን በልብስ ተጠቅልሎ ይገባል። ከኮለምበስ ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ድረስ ስድስት ሰዓት ያህል ይነዳል፤ ሻንጣ ውስጥ የተከተተውን ክብ ብረት በማሽን ያየ ፈታሽ ሁሉ ያስከፍተዋል፣ ማብራራት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ፣ በአንዳንዱ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ወደ ሰማይ ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። ያለው ሂልክስ ግን አለ፣ ዳገቱም አለ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በእጅ የሚለወጥ ማርሽ እየጠፋ ነው። ፎርድ ኤፍ-150 ላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ አልገጠመም፤ ራም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያቆም የትልልቆቹ ፒክአፖች ዘመን አበቃ፤ አሁን የቀረው የቶዮታ ታኮማ ነው። ጋራዤ የሚመጡ የአገሩ ወጣቶች ፍሪሲዮን የሌለው ፒክአፕ ገዝተው ባለ ፍሪሲዮን ሊያደርጉት ይፈልጋሉ፤ ፔዳል፣ ፓምፕ፣ ካምቢዮ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያታልል ሽቦ። ይቻላል። ዋጋውን ስነግራቸው ግን ግማሾቹ ይሄዳሉ። ጃንክ ያርድ ውስጥም ባለ ፍሪሲዮን መኪና እንደ ድሮው አይገኝም፤ ረድፉን ሙሉ ጎንበስ እያልክ ሦስተኛ ፔዳል ፍለጋ ትሄዳለህ።

በዚህ ሳምንት ከደብረ ብርሃን በቴሌግራም ፎቶ መጥቶልኛል፤ ሸራው እስከ ሪቬቱ ያለቀ ዲስክ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ተቀምጦ። ባለቤቱ 22አር ነው ይላል፤ ፎቶው ላይ ያለው ዲስክ ግን ለዓይኔ ሰፋ ብሏል። ጥርሱን ቆጥሮ እንዲልክልኝ፣ አሮጌውን እንዳይጥለው ነግሬዋለሁ። 21 ከሆነ በሚቀጥለው ወር በሚሄዱ ሴትዮ ሻንጣ ይደርሰዋል፤ ካልሆነ ግን ሞተሩ ከዚህ በፊት ተለውጧል ማለት ነውና ማን እንደለወጠው ይጠይቅልኝ።